ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ፤ የአንድ ርቀት ሦስት መለኪያዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ላሊበላ ለመድረስ ምን ያህል መጓዝ ያስፈልጋል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ እንደ መላሹ ሙያና ኑሮ ይለያያል። ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ የሚለካው ሰው 332 ኪሎ ሜትር ይላል። በደሴና በወልድያ በኩል መኪና የሚነዳው ሾፌር 642 ኪሎ ሜትር ይላል። የአየር መንገድ ሠራተኛ ኪሎ ሜትሩን ትቶ «አንድ ሰዓት ያህል ነው» ብሎ ይመልሳል። ለልደት በዓል በእግሩ የሚጓዘው ተሳላሚ ደግሞ ርቀቱን የሚቆጥረው በቀንና በሳምንት ነው። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ሁሉም ያንኑ አገር ለክተዋል፤ የተለያየው መለኪያቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አንድ ርቀት በእግር፣ በጎማና በክንፍ ሲለካ በታሪክ እንዴት እየተለዋወጠ እንደ መጣ ማሳየት ነው። ከዚህም ጋር በጉዞ ሠንጠረዥ ላይ የምትነበበው «አንድ ሰዓት» ከምን ከምን እንደ ተሠራችና በምን ላይ እንደ ቆመች መመርመር ይገባል። ይህች ሰዓት የአይሮፕላኑ ሥራ ብቻ ተደርጋ ስለምትታይ፣ በምድር ላይ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳልና።

የምድሩ አቀማመጥ

የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ አካባቢ፣ የላሊበላው ደግሞ 12 ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ። በኬንትሮስ ረገድ ሁለቱም ለ39 ዲግሪ የቀረቡ ስለ ሆኑ ልዩነታቸው እጅግ ትንሽ ነው። በዚህ የምድር ክፍል አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ሦስቱ ዲግሪ ሲባዛ ከላይ የተጠቀሰውን 332 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ በቀጥታ የሚበር አይሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሰሜን አቅንቶ ያለ ብዙ መታጠፍ ይደርሳል።

ከአይሮፕላኑ ሆድ በታች ያለው አገር ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ የሠራውን ከፍተኛ አምባ፣ ከዚያ በኋላ የተነሡት ወንዞች እንደ ቢላዋ ከፋፍለውታል። በቀጥታው መስመር አካባቢ የጀማ፣ የወንጭትና የበሽሎ ሸለቆዎች በየተራ ይመጣሉ፤ ከደላንታ አምባ ማዶ ደግሞ የተከዜ መነሻ ምንጮች ይገኛሉ። የበሽሎ ገደል ብቻውን ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በላሊበላ ራስጌም 4,260 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሟል።

በእንዲህ ያለ አገር ሁለት ሰዎች በገደል አፋፍ ግራና ቀኝ ቆመው በድምፅ ሊነጋገሩ ይችላሉ፤ ለመጨባበጥ ግን አንድ ሙሉ ቀን መውረድና መውጣት ያስፈልጋቸዋል። የርቀቱ ታሪክ መነሻም ይኸው ነው።

የእግርና የበቅሎ ዘመን

ላሊበላ በዛግዌ ነገሥታት ዘመን፣ በተለይም በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፣ የመንግሥት ማዕከል ነበረች። የዛሬው ሰው «ሩቅ ከተማ» ሲላት ርቀቷን የሚለካው ከአዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በላሊበላ ዘመን ሩቁ አገር ሸዋ እንጂ ላስታ አልነበረም። ከዚህ የሚታየው፣ ርቀት የምድሩ ብቻ ሳይሆን የሥልጣን መቀመጫ የት ነው የሚለው ጥያቄም ውጤት መሆኑን ነው።

ለመሐንዲስ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያኖቹ አሠሪ የሕንፃ ድንጋይ ከሩቅ የማጓጓዝ ችግር አልገጠመውም። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በቦታው ከነበረው ዐለት ነው። ሌሎች አገሮች ድንጋይ ቈርጠው፣ በወንዝ ወይም በጋሪ አጓጉዘው ሲገነቡ፣ በላስታ ግን ሕንፃው ድንጋዩ ባለበት ተሠራ። መንገድ በሌለበት አገር ለትልቅ ሥራ ከዚህ የበለጠ ብልሃት ያለው መፍትሔ ማሰብ ያስቸግራል።

ከአውሮጳውያን መካከል ስለ ቦታው በመጀመሪያ በስፋት የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ 1526 ቆየ፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። ስላያቸው ሕንፃዎች ብዙ ቢጽፍ አንባቢ አያምነኝም የሚል ስጋት እንደ ነበረበት ራሱ ገልጧል። አንባቢው ሄዶ ለማረጋገጥ አለመቻሉ ለዚህ ስጋት ምክንያት ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ርቀት እውነትን እንኳ ተረት ሊያስመስል ይችላልና።

በዚህ ምድር ላይ ከባድ ነገር ማንቀሳቀስ ምን እንደሚያስከፍል ከዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመቻ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት ያሠሩትንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ መቅደላ የገቡትም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። በካርታ ላይ በቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ ርቀት ግማሽ ዓመት ወሰደ። ጊዜውን የፈጀው ጉዞው ሳይሆን ሥራው ነበር፤ የጂጣንና የበሽሎን ገደል እየቈረጡ፣ ዐለቱን እያፈረሱ፣ መድፉ የሚያልፍበትን መንገድ እየሠሩ ነበር የሄዱት። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደ ነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምትም በዚሁ በቴዎድሮስ መንገድ ተጠቅሟል። መንገድ ከሠራው ሰው ዓላማ አልፎ ለሌላው፣ ለጠላትም ቢሆን፣ የሚያገለግል መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ተራው መንገደኛ ግን መድፍ አይጎትትም። ጤነኛ ሰው ወይም ጭነት የያዘች በቅሎ በቀን 20 ወይም 25 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ የሰንበት ዕረፍቱና የወንዝ ሙላቱ ተጨምሮበት ከሸዋ እስከ ላስታ ሦስት ወይም አራት ሳምንት መፍጀቱ አይቀርም። የርቀቱ የመጀመሪያ መለኪያ ይህ ነበር።

የጎማ መንገድ

ሁለተኛው መለኪያ የመጣው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ወራሪው ለጦሩና ለአስተዳደሩ ሲል አዲስ አበባን ከደሴና ከአሥመራ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ዘረጋ። ይህ መንገድ የሸዋንና የወሎን ሸለቆዎች በቀጥታ ለመቁረጥ አልሞከረም። በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ 1,300 ሜትር ግድም ድረስ ይወርዳል። ከዚያም የአምባውን ግርጌ ተከትሎ በኮምቦልቻ በኩል እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። በአጭር አነጋገር፣ መንገዱ ወንዞቹን ከመሻገር ይልቅ ከነአምባቸው ዞራቸው። ለዚህም የከፈለው ዋጋ ኪሎ ሜትር ነው።

ከነፃነት በኋላ የጥገናውና የማስፋፋቱ ኃላፊነት በ1943 ዓ.ም. ለተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተሰጠ። ለዚህ ሥራ የዓለም ባንክ የሰጠው ብድር ባንኩ ለኢትዮጵያ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነበር።

ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር፣ ከወልድያ በኩልመስክ በኩል ላሊበላ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ግድም። ድምሩ ሾፌሩ ከሚናገረው 642 ጋር ይቀራረባል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይናውያን ርዳታ ከወልድያ ወደ ወረታ የተሠራውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ከተከፈተ ወዲህ፣ በጋሸና በኩል ዞሮ መግባትም ተቻለ። በዚህ በኩል ሲኬድ ርቀቱ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሾፌሮች ግን ብዙ ጊዜ ይህን ረጅሙን መርጠዋል፤ በመንገድ ሥራ ረጅሙ የሚያጥርበት፣ አጭሩም የሚረዝምበት ጊዜ ብዙ ነውና።

በመኪና መንገዱና በቀጥታው መስመር መካከል ያለው ንጽጽር ወደ 2 ይጠጋል። መንገደኛው ወደ ፊት ለሚያገኘው ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሌላ አንድ ኪሎ ሜትር በመዞር ይከፍላል። ሆኖም ወሩ ወደ ሁለት ቀን ወርዷል። ሕዝብ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ንጋት ላይ ተነሥቶ፣ ማታ ደሴ ወይም ወልድያ አድሮ፣ በማግሥቱ ላሊበላ መግባቱ የተለመደ ሆነ። ይህን ለውጥ በእግሩ የሄደበት ሰው ብቻ ነው በትክክል ሊመዝነው የሚችል።

የክንፍ ዘመን

አይሮፕላን በአዲስ አበባ ሰማይ የታየው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሣዊው አንድሬ ማዬ ያበረራት ፖቴዝ 25 ከጂቡቲ መጥታ አረፈች። ሕዝብን በመደበኛ ፕሮግራም ማመላለስ የተጀመረው ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው። ድርጅቱ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ከጦርነት የተረፉት ሲ-47 አይሮፕላኖች የዲ.ሲ.-3 ወታደራዊ ወንድሞች ነበሩ፤ ሰውና ጭነትን አንድ ላይ የሚሸከሙ፣ ለምቾት ያልተሠሩ፣ ግን በሣርና በጠጠር ሜዳ ላይ የሚያርፉ ጠንካራ መሣሪያዎች ነበሩ።

ለአገር ውስጥ ጉዞ ይህ ጥንካሬ ከፍጥነት ይበልጥ ያስፈልግ ነበር። የአገሪቱን ሰሜን የሚጎበኝ ሰው ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ መስመር የሚያይበት «የታሪካዊ ቦታዎች ጉዞ» የተቻለው በእነዚህ አይሮፕላኖች ነው። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዷ ስትሆን የውጭ ሰው ፍላጎት ይበልጥ ጨመረ።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ዲ.ሲ.-3 በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ 332 ኪሎ ሜትሩን በቀጥታ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ግድም ይጨርሳል። መንገደኛው በባሕር ዳርና በጎንደር ዞሮ ላሊበላ የሚደርስ ከሆነ ግን የአየሩ ርቀት ራሱ ይለወጣል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 332፣ ከባሕር ዳር ጎንደር 102፣ ከጎንደር ላሊበላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደመር 609 ይሆናል። ይህ የመኪናው መንገድ ከሚዞረው 642 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ክንፍ ያለውም ሲዞር እንደ ጎማው ሩቅ ይሄዳል ማለት ነው። በአየር ላይ የሚያሳልፈው 2 ሰዓት ከሩብ ግድም ሲሆን፣ በየማረፊያው ጭነት ለማውረድና ለመጫን የሚጠፋው ጊዜ ሲታከልበት ጠዋቱ በሙሉ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አየር መንገዱ የተጠቀመበት ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 አይሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። በዚህ ፍጥነት ቀጥታው መስመር የሚፈጀው ከ35 ደቂቃ ያነሰ ነው። ለመነሣት፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ የሚያስፈልገው ሲጨመር ግን በፕሮግራም ላይ የሚጻፈው ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ፍጥነቱ ከዲ.ሲ.-3 በእጥፍ ቢያድግም የጉዞው ጊዜ በእጥፍ ያልቀነሰው ለዚህ ነው። በአጭር በረራ ላይ ጊዜውን የሚወስነው የሰማዩ ክፍል ብቻ ሳይሆን የጉዞው ሁለት ጫፎች ናቸው።

ቀጭን አየርና የማረፊያው ሜዳ

ጫፎቹን ደግሞ የሚወስነው ከፍታ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የላሊበላ ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የአየሩ ሙቀት 28 ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ በላሊበላ ሜዳ ላይ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት በዚህ ምክንያት 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለመነሣት የሚሮጠው ርቀት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ በዚህ ብቻ አንድ ሦስተኛ ያህል ይረዝማል። የሞተሩና የፕሮፔለሩ ጉልበት በቀጭን አየር መድከሙ ሲታከልበት ደግሞ ጭማሪው ከዚህም ያልፋል።

አብራሪው ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች ብቻ አሉት፤ ጭነት መቀነስ፣ ወይም አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት በማለዳ መብረር። መሐንዲሱ ግን ሦስተኛውን ሊሰጠው ይችላል፤ ረጅምና ጠንካራ ማኮብኮቢያ። ላሊበላ ለብዙ ዓመታት ይህን አላገኘችም። የቀድሞው ሜዳ የአፈርና የሣር ስለ ነበረ በክረምት ጭቃ ሆኖ ይዘጋ ነበር፤ በረራውም የበጋ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን በበጋ የአንድ ሰዓት መንገድ የነበረችው ከተማ ሐምሌ ሲገባ ወደ ሁለት ቀን መንገድነቷ፣ መኪናው በጭቃ ሲያዝ ደግሞ ከዚያም በላይ ትመለስ ነበር። ርቀቱን የሚያራዝመውም የሚያሳጥረውም ዝናብ ነበር።

ክረምት ከበጋ የሚያገለግል አስፋልት ማኮብኮቢያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በታሪክ ሲመዘን የላሊበላን ርቀት ለዘለቄታው ያሳጠረው ይህ የምድር ሥራ ነው። አይሮፕላን ከዚያ በፊትም ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የሚተማመኑበት ሰዓት ግን አልነበረም። ውሃው በቦይ ካልተመራ፣ መሠረቱ ካልተደለደለና አስፋልቱ በየጊዜው ካልተጠገነ ክንፍ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ሰዓቱ የማን ነው?

አይሮፕላኑ የሚያርፈው ከከተማዋ አይደለም። ለማረፊያ የሚበቃ ደልዳላ ሥፍራ የተገኘው በታች በሸለቆው ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ሄዶ፣ 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ነው 2,500 ሜትር ግድም ላይ ያለችውን ላሊበላን የሚያገኛት። ስለዚህ የክንፉ ሰዓት የምታልቀው በጎማ መንገድ ላይ ነው። ከላሊበላ ወዲያ ላሉት መንደሮች ደግሞ ከጎማውም ቀጥሎ እግርና በቅሎ አለ። ሦስቱ መለኪያዎች አንዱ ሌላውን ሽሮ የተተካ ሳይሆን እስከ ዛሬ በአንድ መንገድ ላይ ተቀጣጥለው የሚገኙ ናቸው።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በልደት ዋዜማ፣ ይህ በግልጽ ይታያል። ጠዋት ከአዲስ አበባ የበረረ እንግዳና ቤቱን ከወር በፊት ትቶ በእግሩ የመጣ ገበሬ በቤተ ማርያም ቅጥር አጠገብ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ለአንደኛው ላሊበላ የአንድ ሰዓት ጎረቤት ናት፤ ለሁለተኛው የዕድሜ ልክ ስለት። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የትኬት ዋጋ ነው። የከተማዋ ነዋሪ በበኩሉ አይሮፕላኑ በየቀኑ በራሱ ላይ ሲያልፍ እያየ፣ ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ወደ ዋናው ከተማ ሲሄድ በአብዛኛው አውቶቡስ ይሳፈራል። ስለዚህ «ላሊበላ አንድ ሰዓት ናት» የሚለው አነጋገር እውነት የሚሆነው ከፋዩን ለይቶ ነው።

ከገንዘብ ሌላ ሰላምም አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ሲደርስ በረራው ተቋረጠ፤ ከተማዋም እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ቆየች። በረራው ከተመለሰ በኋላም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ በተነሣው ግጭት እንደገና ለጊዜው ተቋርጧል። በእነዚያ ወራት የማኮብኮቢያው ርዝመትም ሆነ የአይሮፕላኑ ፍጥነት አልተለወጠም፤ በካርታው ላይ ያለው 332 ኪሎ ሜትርም ያው ነበር። ነገር ግን በእንግዳ ገቢ የሚተዳደረው አስጎብኚ፣ ባለ ሆቴልና ባለ በቅሎ ከተማቸው በአንድ ጀንበር ከዓለም መራቋን አዩ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው ሰው የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። የጉዞ ጊዜ ሲታቀድ ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈው የአይሮፕላኑ ደቂቃ ብቻ መሆን የለበትም። ከማረፊያው እስከ ከተማ ያለው ዳገት፣ የክረምቱ ጎርፍ፣ የአስፋልቱ ዕድሜ፣ ከከተማ እስከ መንደር የሚወስደው የእግር መንገድ ሁሉ አብረው መቆጠር አለባቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በበሽሎ ገደል ላይ ግማሽ ዓመት የከፈሉት፣ የጣርማ በር ዋሻ ቆፋሪዎች በጉልበታቸው የገዙት፣ የላሊበላ ማኮብኮቢያ ሠራተኞች በአስፋልት ያስተካከሉት ያንኑ አንድ ርቀት ነው። ርቀቱም ተከፍሎ ያለቀ አይደለም፤ በየክረምቱ ጥገና ሲጎድል ተመልሶ ይረዝማል። ከማረፊያው ወደ ከተማዋ የሚወጣው ዳገት፣ ከጋሸና የሚገባው መንገድና ወደ ላስታ መንደሮች የሚያደርሱት የበቅሎ መንገዶች በየዓመቱ የሚመለከታቸው ባለሙያ ይፈልጋሉ።